ለጸሎታቸው የዘፈንነው

ደርግ ወድቆ፣ ታሽጋ የኖረችው ቤተክርስቲያናችን እንደገና በተከፈተችበት እሑድ ሽማግሌያችን መድረክ ላይ ወጥተው መሰከሩ። «በዚያ ክፉ ዘመን ሐሙስ ሐሙስ ተደብቀን ስንጸልይ እግዚአብሔር የጠላትን ጆሮ ደፈነልን» አሉ። ጉባኤው «አሜን!» አለ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ደሜ ፈላ።

የጠላት ጆሮ በምን እንደተደፈነ አውቃለሁ። ሁለት ሴቶች ነን የደፈንነው፣ በአኮርዲዮንና በዘፈን። አንደኛዋ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ያን እሑድ እዚያ አልነበረችም፤ የት ሄደች ብሎ የጠየቀም ሰው የለም። ሽማግሌውን አንቱ እያልኩ የምጽፈው አስተዳደጌ አልላቀቅ ብሎኝ እንጂ አክብሬያቸው እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲቆጣ ቶሎ ይርሳ ይሉኛል። አልረሳሁም፣ መርሳትም አልፈልግም።

እሷና እኔ ናዝሬት ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም ሳንርቅ በአንድ ሰፈር አደግን። አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነበር። የእሷ እናት ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትቸረችር ነበር፤ አባቷ ገና በልጅነቷ ነው የሞተባት። እነሱ ቤት ኦሮምኛ ይነገራል፣ እኛ ቤት አማርኛ፤ እኛ ሁለታችን እንደመጣልን እየቀላቀልን እናወራለን። መዘምራን ውስጥ ስንገባ አስተማሪያችን እኔን አንደኛ ድምፅ፣ እሷን ሁለተኛ ድምፅ አደረገን። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በአገራችን ዘፈን ሁሉም ሰው አንድ ዜማ ነው የሚያዜመው። በእኛ መዘምራን ግን አንደኛው ድምፅ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዜማ ሲይዝ፣ ሁለተኛው ከሥር ሌላ መስመር ይዞ አብሮት ይሄዳል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ መዝሙሩ ይሞላል። አንደኛ ድምፅ ማንም ይዘምራል። ሁለተኛ ድምፅ ጆሮ ይጠይቃል፤ ከጆሮም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም የሚመሰገነው ሁልጊዜ አንደኛው ነው። ትዕግሥቱ የእሷ ነበር። እኔ እንደሆንኩ ከልጅነቴም እሳት ነኝ።

ቤተክርስቲያኗን የቀበሌ ሰዎች በአንድ ጠዋት መጥተው አሸጓት። አግዳሚውን፣ ሰዓቱን፣ የመዘምራኑን አኮርዲዮን ሳይቀር ወረሱት። ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆነ፤ እኛ የዘመርንበት መድረክ ላይ የቀበሌው ኪነት፣ የአብዮት ዘፈን ቡድኑ፣ ተቋቋመ። በዚያው ሰሞን አባቴን አሰሩት። ጥፋቱ ስብሰባ ላይ ግራ እጁን አንስቶ መፈክር አላሰማም መባሉ ነበር። ያኔ «ጴንጤ» ማለት ስድብም ነበር፣ ክስም ነበር።

የኪነቱ ኃላፊ ቤታችን ድረስ መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ገጣሚ ነኝ ባይ ወጣት ነው። እናቴ ወንበር ብትሰጠው አልቀመጥም አለ።

«ለእግዜር ስትዘምሪ ኖረሽ ለአብዮቱ መዝፈን ያቅትሻል?» አለኝ። «ገብተሽ ከዘፈንሽ አባትሽ ቤቱ ይገባል። ያቺን ጓደኛሽንም ይዘሻት ነይ። ሁለታችሁ አብራችሁ ስትዘምሩ ሰምቻችኋለሁ።»

ሰምቶናል! ለካ እሑድ እሑድ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያዳምጠን ኖሯል። ወዶን ነው አሉ። እንዲህ ያለውን መውደድ ለጠላቴም አልመኝ።

ለእኛ ለጴንጤ ልጆች ዘፈን ኃጢአት ነው። ዘፈን የሰማ ጆሮውን ይታጠብ እየተባልን ነው ያደግነው። ከሠርግ ቤት ስንመለስ እንኳ እንመረመር ነበር፦ አጨበጨብሽ? እግርሽን አነቃነቅሽ? እንግዲህ በዚያ አስተዳደግ መድረክ ላይ ወጥቶ እስክስታ እየመቱ መዝፈን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለእሷ ስነግራት እየፈራሁ ነበር። የእሷ ቤት የታሰረ ሰው የለም፤ እንቢ ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ያንቺ አባት የእኔስ አባት አይደለም እንዴ? ነይ እንሂድ» አለችኝ። በማግሥቱ ገባን። ሳምንት ሳይሞላ አባቴ ተፈታ። አንባቢ ሌላውን ቢረሳ ይህንን እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፦ እሷ ዘፋኝ የሆነችው ለአባቴ ብላ ነው።

ኃላፊው የወረሱትን አኮርዲዮን ከመጋዘን አውጥቶ ሰጠኝ። የገዛ አኮርዲዮናችንን እንደ ስጦታ አድርጎ! ማመስገን ነበረብኝ፤ አመሰገንኩ። 

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ የመጣው። ኪነቱ ብዙ ሰው ነበረው፤ ነገር ግን ሰው የሚጠብቀው «ሁለቱን ልጆች» ነበር። በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ከበሮና ጆንያ መሐል ተቀምጠን ከናዝሬት ሞጆ፣ ከሞጆ መቂ፣ ከመቂ ዝዋይ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ እንዞር ነበር። ለአዝመራ ዘመቻ ዘፈን፣ ለእርሻ ሠራተኛ ዘፈን፣ ለባለሥልጣን አቀባበል ዘፈን። ማደሪያችን የትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ ዴስኮቹን ገጥመን እንተኛባቸዋለን። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ይሰጡናል፤ ሌላው ቦታ ያገኘነውን እንበላለን። አቧራው ጉሮሮዬን ሲዘጋው እሷ ከቦርሳዋ የሚታኘክ ዝንጅብል አውጥታ ትሰጠኝ ነበር። ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል፤ እሷን አይቶ ያልሳቀ የመኪናው ሹፌር ብቻ ነበር።

ዘፈኖቹን የምታመጣቸው እሷ ነበረች። እናቷ ገበያ ላይ በርበሬ እየሰፈረች የምታንጎራጉረውን ይዛ ትመጣለች፤ እኔ አማርኛውን እይዛለሁ፣ እሷ ኦሮምኛውን ትመልሳለች፣ ማሰሪያው ላይ ሁለታችንም እንገጥማለን። አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦

አዋሽን ተሻግሮ ይመጣል እያልሁኝ፣
የመንገድ አቧራ ስቆጥር ቀረሁኝ።

ኃላፊው ይሄን ሰምቶ፣ «መልእክት የለውም» አለ። አንድ ሌሊት አድሮበት መጣና የሚመጣውን ወዳጅ ትራክተር አደረገው። «አዋሽን ተሻግሮ ትራክተር መጣልኝ» በሉ አለን። መቂ ላይ አልን። ከፊት የቆሙት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው በሳቅ ተንፈራፈሩ። ትራክተር ስትጠብቅ አቧራ የቆጠረች ሴት የት ታውቃላችሁ? ከዚያ በኋላ ኃላፊው ዞር ሲል ወዳጁን እንመልሰው ነበር፤ ሲመጣ ትራክተሩን።

ሰዉ ሁለተኛ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ነበር። አዳሚ ቱሉ ላይ ዘፍነን ስንወርድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ «ያቺ ጓደኛሽ ግን ዜማው ይጠፋባታል። በሰው ፊት እንዳትቆጫት፤ ለብቻዋ አድርገሽ አስተምሪያት» አሉ። ስነግራት መኪናው ላይ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። እሷ ዜማው ጠፍቶባት ሳይሆን፣ የእኔ ዜማ እንዲያምር ብላ ከሥር መሄዷን አንድ እንኳ የሚያውቅ ይጥፋ?

አንድ ሰው ግን ኩየራ ላይ አወቀ። እዚያ የቆየ የሚሲዮን ግቢ ነበር። ዘፍነን ስናበቃ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት የሚያመሰግኑን መስለው መጥተው እጃችንን ጨበጡ። «ይሄ የመዘምራን ድምፅ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ሁለተኛ ድምፅ የያዝሽው አንቺ ነሽ አይደል? ጌታ ድምፅሽን ያውቀዋል።» ከዚያ ጮክ ብለው «አብዮታዊ ሰላምታ!» ብለውን ሄዱ። እሷ ያን ቀን አልሳቀችም። እስከ ሻሸመኔ ድረስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «እንግዲህ ያውቀዋል ብለዋል» አለችኝ ከመኪና ስንወርድ። እምነቷ እንደዚህ ነበር፤ የአንድ ሰው ቃል ለብዙ ጊዜ ይበቃታል።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ።

ቤተክርስቲያኗ ከታሸገች በኋላ ምእመናኑ ተከፋፍለው በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። በአንደኛው ሰፈር ጎረቤት «አሜን» የሚል ድምፅ ሰምቶ ጠቆመና ሁሉም ታፍሰው ታሰሩ። ሽማግሌያችንም ከታሰሩት አንዱ ነበሩ። ሲወጡ ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው አልነበሩም። ይህን አልክድባቸውም፤ ተገርፈዋል፣ ጌታቸውንም አልካዱም። ከእስር እንደወጡ ግን ቀጥታ ወደ እኛ ቤት ነው የመጡት።

«የእናንተን ቤት ማንም አይፈትሽም» አሉት አባቴን። «ልጆቻችሁ ኪነት ውስጥ ናቸው፤ ማን ይጠረጥራል?» ከዚያ ወደ እኛ ወደ ሁለታችን ዞሩ። «ልጆቼ፣ መቼም ልምምድ ታደርጋላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት እዚሁ ግቢ ውስጥ ብትለማመዱስ? እኛ ከውስጥ እንጸልያለን፣ እናንተ ከውጭ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ።»

እሳቸው ናቸው ያሉት። በገዛ አፋቸው፣ በእኛ ሳሎን፣ የእናቴን ሻይ እየጠጡ። «ጋሼ፣ ዘፈን እኮ ነው የምንዘፍነው» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ልብን ያያል» አሉኝ። እኔ ይህን ቃል አመንኩ።

እንዲህ ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሰዎቹ አንድ በአንድ እየተራራቁ ይገባሉ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘንቢል ውስጥ ከጎመኑ ሥር ይደብቁታል። እኔና እሷ ከጓዳው ፊት ለፊት ባለችው የሎሚ ዛፍ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠን አኮርዲዮኑን እንከፍታለን። ውስጥ ጸሎቱ ጋል ሲል እናቴ የመስኮቱን መጋረጃ ትነቀንቃለች፤ ያ ምልክታችን ነው፣ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። መጋረጃው ሲረጋ ዝቅ እናደርጋለን። ያለ ምንም ልምምድ በጥቂት ሐሙስ ውስጥ ተዋሐድን፤ ውስጥ ያሉት ሊያለቅሱ ሲሉ እኔ ከመጋረጃው በፊት አውቀው ነበር።

ሰፈርተኛው አጥሩ ላይ ይሰበሰባል። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ራሱ ጠመንጃውን ተደግፎ ይቆምና በእግሩ ምቱን እየመታ ያዳምጠናል። እሱ ከቆመበት እስከ ሳሎኑ ግድግዳ ድረስ ትንሽ የጎመን መደብ ብቻ ነው ያለው። አንዳንዴ «ያችን የአዋሿን ድገሙልኝ» ይለናል፤ እንደግምለታለን። ውስጥ ሰው ተንበርክኮ ያለቅሳል፣ ውጭ እኛ አዋሽን ተሻግሮ እንላለን። አንድም ሐሙስ አልተያዙም።

እሷ በዚህ መሐል ታጨች። እጮኛዋ ከውስጥ ከሚጸልዩት አንዱ ነበር፤ አስተማሪ፣ ረጅም፣ ቃሉን እየመረጠ የሚናገር። እኔ መጀመሪያም አልወደድኩትም፤ ሰው ሲናገር እግሩን የሚያይ ሰው አልወድም። እሷ ግን ወደደችው። ጋብቻቸው በኅብረቱ እንዲባረክ ሽማግሌውን ጠየቁ። «እንጸልይበት» አሉ። በእኛ ሰዎች አነጋገር «እንጸልይበት» እንቢም እሺም ያልሆነ፣ ሰው ደጅ የሚያቆም ቃል ነው።

ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ገና አኮርዲዮኑን ስከፍት፣ ሽማግሌው በሩ ላይ ብቅ ብለው እሷን ጠሯት። «ልጄ፣ ዛሬ አንቺ ነይ ግቢ። ስለ ጋብቻሽ ልንጸልይ ነው።» ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ብቻሽን ያዥው» አሉኝ።

ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ነጠላዋን አስተካከልኩላት፣ ጉንጯን ሳምኳት፣ ገፍቼ አስገባኋት። ከዚያ ለእሷ ብዬ፣ የሚባርኳትን ድምፅ ማንም እንዳይሰማ ብዬ፣ ከሳንባዬ ሁሉ ዘፈንኩ። አጥሩ ሞላ። አብዮት ጠባቂው መጣ። «ሁለተኛዋስ?» አለኝ፤ «ታማለች» አልኩት። መጋረጃው ተነቃነቀ። ከፍ አደረግሁ። እንደገና ተነቃነቀ። ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ አልችልም ነበር፤ አደረግሁ። እየባረኳት ነው ብዬ በልቤ እልል እላለሁ።

እየባረኳት አልነበረም። ውስጥ የሆነውን በኋላ እናቴ ቃል በቃል ነገረችኝ። ሽማግሌው ቆመው፣ «ይህች ልጅ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በዓለም ፊት ዘፍናለች» አሉ። «ዝም ብለን ጋብቻዋን ብንባርክ መንጋው ይሰናከላል። ከኪነት ወጥታ በጉባኤ ፊት ንስሐ እስክትገባ ድረስ ከኅብረት ትታገድ። የጌታን ራትም አትካፈል።»

እሷ ተነስታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ጋሼ፣ እኔ ከኪነት ብወጣ እርስዎ ሐሙስን ምን ያደርጉታል?»

«እግዚአብሔር መንገድ አለው» አሉ።

እናቴ ነች ያልቻለችው። «እሷ በዘፈን ከታገደች የእኔስ ልጅ? እኩል አይደል የዘፈኑት?» አለች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእሷን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አሉ። ሌላ ጊዜ እስከ ዛሬ አልመጣም። እኔን ማገድ አይችሉም ነበር፤ የሚጸልዩበት ቤት የአባቴ ነው። የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ግን የምታሳጣቸው ቤት የላትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል ይሄ ነው። ቀበሌውን መናገር አይችሉም፣ የቤቱን ባለቤት መናገር አይችሉም፣ ስለዚህ በእሷ ላይ ጨከኑ።

እጮኛዋስ? እግሩን አየ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

አባቴም እዚያው ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ፣ በገዛ ሳሎኑ ውስጥ። እሷ ያስፈታችው አባቴ። ቀና ብሎ «ይህች ልጅ ለእኔ ስትል ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሁሉም የሚያውቀውን መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዝም አለ። አባቴን እወደው ነበር፤ ሲሞት አልቅሼለታለሁ። ስለዚያች ሐሙስ ግን ይቅር አላልኩትም፤ እሱም ይቅር በይኝ ብሎኝ አያውቅም።

እኔ ውጭ እየጮህኩ ነበር። እናቴ ማሰሮ ይዛ ውሃ የምትቀዳ መስላ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣ «እያገዷት ነው» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። «ስለዘፈነች እያገዷት ነው» አለችኝ እንደገና።

አኮርዲዮኑን ገጥሜ ዘጋሁት።

ጸጥ አለ። የእኛ ግቢ ሐሙስ ከሰዓት እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። የሽማግሌው ድምፅ ከውስጥ ጥርት ብሎ ወጣ፤ «...አባት ሆይ፣ የጠፋችውን በግ...» ሲሉ እኔ ሰማሁ። አጥሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ተያዩ። አብዮት ጠባቂው የተደገፈውን ጠመንጃ አነሳ። «ምን ሆንሽ? ለምን አቆምሽ?» አለኝ፤ አንገቱንም ወደ ቤቱ አሰገገ።

አልመለስኩለትም። ይስማ ብዬ ነው። ዛሬም እላለሁ፤ ይስማ! ጩኺ ብለውኝ፣ ያለ እኔ ፈቃድ፣ በገዛ ጩኸቴ ተሸፍነው ጓደኛዬ ላይ ፈረዱባት። ታዲያ ለምን ብዬ ነው የምሸፍናቸው?

በሩ ተከፈተና እሷ ወጣች።

አላለቀሰችም። ደረቅ ዓይኗን ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ አጥሩ፣ ከዚያ ወደ ጠመንጃው አዞረች። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተረዳችው። እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ነጠላዋ ተንሸራቶ፣ መዝፈን ጀመረች። ከእሷ ጋር አንደኛ ድምፅ የለም፤ የሚያውቁትን ዜማ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ዝም ብያለሁ። እሷ ያላት ያ ከሥር የሚሄደው መስመር ብቻ ነው። ብቻውን ሲሰማ ዘፈን አይመስልም፤ አንድ ነገር የጎደለው፣ መንገድ የሳተ ይመስላል። አጥሩ ላይ የነበሩት ሳቁ። አብዮት ጠባቂውም ጠመንጃውን መልሶ ተደገፈና፣ «ይቺ ደግሞ በሽታው ዜማዋን ይዞባት ሄደ!» ብሎ ሳቀ። እሷ እየተሳቀባት ቀጠለች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። የሽማግሌው ጸሎት ከሥሩ ጠፋ።

አትዝፈኚላቸው ብዬ ልጮህባት ነበር። በእሷም ላይ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም እሷን ሳስብ አንዳንዴ እናደዳለሁ። ሰው እንዴት ከታገደበት በር ላይ ቆሞ ለአጋጆቹ ይዘፍናል? ነገር ግን የሳቁባትን ሳቅ መቋቋም አቃተኝ። አኮርዲዮኑን ከፈትኩና ዜማውን ያዝኩላት። ሳቁ ቆመ።

ውስጥ ያሉት «አሜን» ብለው ጨረሱ፤ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ እየተራራቁ ወጡ። አንዳንዶቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እጮኛዋ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ጎመኑን እያየ አለፈ፤ በዓመቱ ከኅብረቱ ሌላ ልጅ አገባ፣ ሽማግሌው ባረኩለት። እሷ አንድም ስንኝ አልሳተችም።

በመጨረሻ የወጡት ሽማግሌው ነበሩ። አብዮት ጠባቂውን በእጃቸው ሰላም አሉት። ከእሷ አጠገብ ሲደርሱ ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው ጎንበስ አሉ፤ እኔ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ስለነበርኩ ሰማኋቸው።

«ጎሽ ልጄ» አሏት። «እኛ ከመንገዱ እስክንታጠፍ ድረስ እንዳታቋርጪ።»

እሷም አላቋረጠችም።